ከገዳሪፍ እስከ ሱዋኪን፦ ወንዝ የማይገባበት ባሕርና በዳርቻው የተጻፈው ታሪክ

ገዳሪፍ የባሕር ከተማ አይደለችም። ስሟ የሚነሣው ከሰሊጥና ከማሽላ፣ ዝናብ ሲመታው እግር ከሚይዘው ጥቁር አፈሯ፣ እንዲሁም በመተማና በገላባት በኩል ድንበር ከሚሻገረው ንግድ ጋር ነው። ሆኖም ከገዳሪፍ ገበያ ተጭኖ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ሰሊጥ በከሰላና በሃያ አድርጎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዝና ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ይራገፋል።

የጭነት መኪኖቹ የሚመላለሱበት ይህ አውራ ጎዳና ከመሐል አገር ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ለመስክ ትምህርት የሚወርዱ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የሚያልፉበትም መንገድ ነው። በፖርት ሱዳን የቀይ ባሕር ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስና የዓሣ ሀብት ትምህርት ይሰጣል። ካርቱም ዩኒቨርሲቲም በሱዋኪን የባሕር ሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ነበረው።

በሌላ አገር የባሕር ሳይንስና የባሕር ላይ ታሪክ ሁለት የተለያዩ ትምህርቶች ተደርገው ሊሰጡ ይችላሉ። በዚህ ጠረፍ ግን አንዱን ከሌላው መነጠል ያስቸግራል። መርከብ የት እንደሚቆም የወሰነው ኮራል ነው፤ ከተማው የተሠራውም በኮራል ነው፤ ነጋዴውና ምእመኑ መቼ እንደሚሳፈር የወሰነው ደግሞ ነፋሱ ነው። የኢትዮጵያ ታሪክም ከአንድ ጊዜ በላይ በዚሁ ጠረፍ አልፏል።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕሩን ጀርባ የሰጡ ወንዞች

ከገዳሪፍ የሚነሣ ተጓዥ የመጀመሪያውን ትምህርት የሚያገኘው ባሕሩን ከማየቱ በፊት ነው። በዚህ አካባቢ የሚወርደው ውሃ ለቀይ ባሕር ጀርባውን የሰጠ ነው። በኢትዮጵያ ጓንግ የሚባለውና ድንበር ሲሻገር አትባራ የሚሆነው ወንዝ፣ አንገረብ፣ በሱዳን ሰቲት የሚባለው ተከዜ፣ ሁሉም ተገናኝተው ወደ ዓባይ ይገባሉ። መድረሻቸው ሜድትራኒያን ነው። ከኤርትራ ደጋ በመረብ ስም የሚነሣው ጋሽ ደግሞ ከሰላን አልፎ በአሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ወደ ቀይ ባሕር የሚያቀናው ባርካ ሲሆን፣ እሱም በክረምት ለጥቂት ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ወርዶ ደለሉን በቶካር ሜዳ ላይ ያራግፋል።

በዚህ ምክንያት ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባበትም። ከፀሐዩ ብርታት የተነሣ በየዓመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውሃ ከገጹ ይተናል፤ የጎደለው በባብ ኤል መንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገባው ውሃ ይተካል። በአብዛኛው የዓለም ውቅያኖስ አንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዝ፣ በቀይ ባሕር ግን መጠኑ ወደ 40 ግራም ይጠጋል።

ወንዝ አለመግባቱ ለገበሬ ጉዳት ቢሆንም ለኮራል ግን በረከት ነው። ከሩቁ ድንጋይ የሚመስለው ኮራል የጥቃቅን እንስሳት መንደር ነው። እንስሳቱ ከውሃው ኖራ እያወጡ ቤታቸውን ይሠራሉ፤ በሰውነታቸው ውስጥ የሚኖሩት በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁላቸዋል። ደለል ውሃውን ካደፈረሰው ብርሃኑ ይታገዳል፤ ጣፋጭ ውሃ በብዛት ከገባም ኮራሉ ይሞታል። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚታጠበው አፈር በዓባይ በኩል ወደ ሰሜን ባይሄድና ወደ ምሥራቅ ቢወርድ ኖሮ፣ የሱዳን ጠረፍ ዛሬ የሚታወቅበትን የጠራ ውሃ ባላገኘ ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከ20,000 ዓመታት ገደማ በፊት፣ ሰፊው የምድር ውሃ በበረዶ ተይዞ በነበረበት ዘመን፣ የባሕር ወለል ከዛሬው በ120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ነበር። ያኔ ከቀይ ባሕር ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ የኮራሉን ንጣፍ እየሰነጠቀ ጥልቅ ሸለቆዎችን ቆፈረ። በረዶው ቀልጦ ባሕሩ ሲመለስ ሸለቆዎቹ በውሃ ተሞሉ። ዐረቦች “መርሳ” የሚሏቸው፣ ወደ የብስ ጠልቀው የሚገቡት ጠባብ የባሕር ክንዶች እነዚህ ናቸው። ሱዋኪንም ፖርት ሱዳንም የተቆረቆሩት በእንዲህ ዓይነት መርሳዎች ላይ ነው። በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከሚዘረጋው የኮራል ግድግዳ ውስጥ መርከብ የሚያስገባ በር የከፈተው የጥንት ጎርፍ ነው ማለት ነው።

ሁለት ነፋሳት የሚገናኙበት

ከደቡብ የሚመጣ ባለ ሸራ መርከብ በክረምት ወራት፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ከኋላው ነፋስ ያገኛል። ይህ የደቡብ ነፋስ ግን እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። በሱዋኪንና በቶካር ኬክሮስ አካባቢ ከሰሜን ከሚነፍሰው ጋር ይጋጠማል። ከዚያ ወዲያ እስከ ስዊዝ ድረስ ዓመቱን ሙሉ የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው መርከበኛ ፊት ለፊት ከነፋስ ጋር እየታገለ፣ በሌሊት በማይታይ ኮራል መካከል መጓዝ ግድ ይሆንበታል። ብዙዎቹ ይህን ከማድረግ ይልቅ ጭነታቸውን አውርደው በግመል መቀጠልን መርጠዋል። የሱዋኪንና ከማዶዋ ያለችው የጂዳ ዕድል በከፊል የተሠራው በዚህ የነፋስ ወሰን ነው።

በፖርት ሱዳን የባሕር ዳርቻ አንድ ቀን ሙሉ የሚቀመጥ ተማሪ ሌላም እንግዳ ነገር ያስተውላል። በብዙ የዓለም ጠረፎች ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ እዚህ ግን ዕለታዊው ሙላትና ጉድለት ከነአካቴው የለም ሊባል በሚችል ደረጃ ትንሽ ነው። በምትኩ ወቅታዊ ለውጥ አለ። በክረምት ወራት ባሕሩ ከፍ ይላል፤ በበጋው ሙቀት ጊዜ ዝቅ ብሎ በጥልቀት የማይርቁትን ኮራሎች ለፀሐይ ያጋልጣል። ዝናቡም እንዲሁ የተገላቢጦሽ ነው። ገዳሪፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ስትዘንብ ጠረፉ ደርቆ ይከርማል፤ ጠረፉ ጥቂት ዝናብ የሚያገኘው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የገዳሪፍ ገበሬ ምርቱን በሚሰበስብበት ጊዜ ነው።

ዝሆን የጫኑ መርከቦች

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ግብጽን ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ ጰጥሎሜዎስ ለጦርነት ዝሆን አስፈለጋቸው። በእስያ የሚገዙት ተቀናቃኞቻቸው የሕንድን ዝሆን ይዘው ስለነበር፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞሩ። በዛሬው የሱዳን ደቡባዊ ጠረፍ “ጰጥሎማይስ ቴሮን”፣ ማለትም የአደን ጰጥሎማይስ የተባለች ሰፈር ተመሠረተች። ብዙ ሊቃውንት ቦታዋን ከአቂቅ አካባቢ ያደርጉታል።

ዝሆኖቹ ከጠረፉ ወደ ውስጥ ባለው የሣር ምድር ይታደኑ ነበር። እንስሳው በኋላም ለረጅም ዘመን ከዚያ አልጠፋም፤ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ዳርቻ ሲዘዋወሩ በፈረስ ላይ ሆነው በሰይፍ ዝሆን የሚጥሉ የሐምራን አዳኞችን አግኝተው ስለ እነሱ በሰፊው ጽፈዋል። ዛሬም በኢትዮጵያ በኩል፣ በተከዜ ዳር በሚገኘው የቃፍታ ሽራሮ ብሔራዊ ፓርክ ዝሆኖች አሉ።

ዝሆን የሚጭኑት መርከቦች ከባድና ውሃ ውስጥ ጠልቀው የሚሄዱ ስለነበሩ ኮራሉ ላይ እየተቀመጡ ይሰበሩ እንደነበር የግሪክ ጸሐፊው አጋታርኪደስ መዝግበዋል። ተሳፋሪዎቹ ስንቃቸው እስኪያልቅ ዕርዳታ እየጠበቁ፣ በመጨረሻም እንዴት ይሞቱ እንደነበር የሚናገረው ክፍል ስለ ቀይ ባሕር ከተጻፉት ጥንታዊ ታሪኮች ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ነው።

ሱዋኪን፦ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የቆመች ከተማ

ሱዋኪን በመርሳዋ መጨረሻ ላይ ያለች ክብ መሰል ትንሽ ደሴት ናት። ስሟን በተመለከተ የአካባቢው ሰው የሚያወራው አፈ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋር ያስተሳስራታል፦ ከንግሥተ ሳባ አገር ወደ ንጉሥ ሰሎሞን የተላኩ ደናግል በደሴቲቱ ሲያርፉ ጂኒዎች ደረሱባቸው፤ ስለዚህም “ሰዋ ጂን”፣ ጂኒ ያደረገው፣ ተባለ ይላል። የቋንቋ ሊቃውንት የሚቀበሉት ትርጉም አይደለም፤ የማክዳ ታሪክ እስከ ምን ድረስ እንደተጓዘ ለማሳየት ግን ይጠቅማል።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ያለፉባት ሞሮኳዊው ተጓዥ ኢብን ባቱታ ደሴቲቱ ውሃም እህልም ዛፍም እንደሌላት፣ የሚጠጣው በጀልባ እንደሚመጣላት ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ሀብታም ከተማ ሊሆን የቻለው በሚያልፍበት ነገር ብቻ ነው፦ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሙጫ፣ ጨርቅ፣ ወደ መካ የሚሄዱ ሙስሊሞች፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄዱ ክርስቲያኖች።

የኢትዮጵያ መነኮሳት ወደ ቅድስት አገር ከሚሄዱባቸው መንገዶች አንዱ በሱዋኪን በኩል ነበር። በ1520ዎቹ በኢትዮጵያ የቆዩት ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከ300 በላይ መነኮሳትና መነኮሳይያት ያሉበት የተሳላሚዎች ጓድ በዚሁ መንገድ ላይ ጥቃት ደርሶበት አብዛኞቹ እንደተገደሉ ወይም ለባርነት እንደተሸጡ ጽፈዋል። ከምዕራብ አፍሪካ የሚመጡት ተክሩሪዎች ደግሞ ወደ መካ በሚያደርጉት የብዙ ዓመት ጉዞ በገላባትና በገዳሪፍ አካባቢ እያረፉ፣ እያረሱ፣ ብዙዎቹም በዚያው ቀርተዋል። ስዊዘርላንዳዊው ዮሐን ሉድቪግ ቡርክሃርት በ1814 ከሸንዲ ተነሥተው በዛሬዋ ከሰላ አካባቢ በኩል ሱዋኪን ሲደርሱ ከእነዚሁ ተሳላሚዎች ጋር ተጉዘዋል።

የዚያ መንገድ ሌላው ጭነት ሰው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመተማ ገበያ የተሸጡ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነጠቁ ወጣቶችና ሕፃናት ከፊሎቹ በሱዳን ሲቀሩ፣ ከፊሎቹ በሱዋኪንና በምጽዋ በኩል ባሕር ተሻግረዋል። ስማቸው በየትኛውም የመርከብ መዝገብ የለም።

የከተማዋ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ድንጋዩ ከውሃ እንደወጣ ለመጥረብ ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅ ይጠነክራል። በላዩ ነጭ የኖራ ልስን ይለበጣል፤ በፎቆቹ ላይ ደግሞ ነፋስ እያስገቡ ሴቶችን ከዓይን የሚሸፍኑ የእንጨት መስኮቶች ይወጣሉ። የምጽዋን አሮጌ ሰፈር ያየ ሰው ዘመድነታቸውን ወዲያው ይለያል። ችግሩ ልስኑ በየጊዜው መታደስ የሚፈልግ መሆኑ ነው። ነዋሪ ከጠፋና ልስኑ ከተሰነጠቀ እርጥበትና ጨው ድንጋዩን ከውስጥ ይበሉታል።

ነዋሪው የጠፋው ደግሞ በሌላ የኮራል ሥራ ነው። የሱዋኪን መግቢያ ለሸራ መርከብ የሚበቃ ቢሆንም ለትልልቅ የእንፋሎት መርከቦች ጠበበ። የእንግሊዝና የግብጽ አስተዳደር ወደ ሰሜን ርቆ መርሳ ሼክ በርጉት በተባለ ሰፊና ጥልቅ መርሳ ላይ አዲስ ወደብ ሠራ። ፖርት ሱዳን በ1909 በይፋ ስትከፈት የሱዋኪን ነጋዴዎች ተከትለው ሄዱ። እንግሊዛዊው የሥዕል መምህር ዣን ፒየር ግሪንሎ ቤቶቹ ጨርሰው ከመፍረሳቸው በፊት እያንዳንዱን ለክተውና ሥለው በ1976 በመጽሐፍ አውጥተዋል፤ ዛሬ ፍርስራሹን የሚጎበኝ ተማሪ የቱ ክምር የማን ቤት እንደነበር ሊያውቅ የሚችለው በአብዛኛው በእሳቸው ሥዕሎች ነው። በቅርቡ ደግሞ የቱርክ የልማት ድርጅት መስጊዶቹንና የጉምሩኩን ሕንፃ አድሷል።

በ1541 ከባሕር ወለል የወጣው ኮራል

የዚህ ጠረፍ የመጀመሪያው የተመዘገበ የባሕር ጥናት ጉዞ የትኛው ነው ቢባል፣ መልሱ ኢትዮጵያውያን በሌላ ስም የሚያውቁት ጉዞ ሊሆን ይችላል። በ1541 መጀመሪያ በእስቴቫኦ ዳ ጋማ የሚመራ የፖርቱጋል የጦር መርከቦች ጓድ በስዊዝ ያለውን የኦቶማን መርከብ ለማቃጠል ቀይ ባሕር ገባ። ምጽዋ ደርሶ፣ ሱዋኪንን ዘርፎና አቃጥሎ ስዊዝ ቢደርስም ዓላማው አልተሳካለትም። ወደ ምጽዋ ሲመለስ ግን የመሪው ወንድም ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ ከ400 ወታደሮች ጋር ወረዱ። አፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ከኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጋር የተዋጉት እነዚህ ናቸው።

በዚያው ጓድ ውስጥ ከመርከቦቹ አዛዦች አንዱ የነበሩት ጆአኦ ደ ካስትሮ ጦርነቱን ያህል ባሕሩ ያሳሰባቸው ሰው ነበሩ። በየወደቡ የፀሐይን ከፍታ እየለኩ ኬክሮስ ይመዘግባሉ፤ የኮምፓሱን መዛባት ይጽፋሉ፤ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ይከታተላሉ፤ ወደቦቹንም ይሥላሉ። ሱዋኪንን በምሥራቅ ካሉ ሀብታም ከተሞች አንዷ አድርገው ገልጸዋታል፤ ይህን የጻፉት ከተማዋን ካቃጠላት ጦር ጋር ሆነው ነው።

ባሕሩ ለምን ቀይ ተባለ የሚለውንም ጥያቄ ከመጻሕፍት መመለስ አልወደዱም። ውሃው ከባልዲ ሲቀዳ እንደማንኛውም ባሕር የጠራ መሆኑን አዩ። ቀላ ብሎ በሚታይበት ቦታ መርከቡን አስቁመው ጠላቂዎችን ወደ ታች ላኩ፤ ጠላቂዎቹም ቀላ ያለ ኮራል ይዘው ወጡ። የስሙ ምክንያት በእርግጥ ይህ መሆኑ አጠራጣሪ ነው። አሠራሩ ግን ዛሬ የመስክ መምህር ተማሪዎቹን ከሚያስተምረው ብዙም አይለይም፦ የተባለውን ከመድገም በፊት ወርዶ ማየት።

ጭላዳን የገለጹት ሰው

ከካስትሮ በኋላ ሳይንሱ ለረጅም ጊዜ ተኛ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲነቃ ዋጋ ያስከፈለ ነበር፤ ከጓደኛቸው ክርስቲያን ኤረንበርግ ጋር የቀይ ባሕርን እንስሳት ሲሰበስቡ የነበሩት ጀርመናዊው ቪልሄልም ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ በበሽታ ሞቱ።

ኤድዋርድ ሩፔል ግን ተርፈው ብዙ ሠርተዋል። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ኢትዮጵያ ገብተው እስከ ጎንደር የዘለቁ ሲሆን፣ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን በሳይንሳዊ ስም ለዓለም ያስተዋወቁት እሳቸው ናቸው። የቀይ ባሕርን በርካታ ዓሦችም እንዲሁ። በስሜን ተራራና በቀይ ባሕር ወለል ላይ የሠራ አንድ እጅ ነው።

ሩፔል ስም ካወጡላቸው መካከል ዱጎንግ ይገኛል። ዱጎንግ ዓሣ አይደለም፤ ግልገሏን ጡት የምታጠባ፣ ለመተንፈስ ወደ ላይ የምትወጣ፣ የባሕር ሣር የምትግጥ ከባድ እንስሳ ናት። ሩፔል የሰጧት የላቲን ስም “የድንኳኗ” የሚል ትርጉም ነበረው፤ በኦሪት ዘጸአት የማደሪያው ድንኳን የተሸፈነበት ቁርበት፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ “አቆስጣ” የተባለው፣ የዚህች እንስሳ ቆዳ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስሙ በሳይንሱ አልጸናም። ዱጎንጓ ግን ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን 125 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በዱንጎናብ ወሽመጥ አሁንም አለች። በብዙ ዓመታት አንዴ አንድ ግልገል ብቻ የምትወልድ በመሆኗ፣ በዓሣ መረብ ተይዛ የምትሞት እያንዳንዷ ዱጎንግ ለመተካት ረጅም ጊዜ ትፈልጋለች።

በዱንጎናብ የመጀመሪያውን ቋሚ የባሕር ጣቢያ ያቋቋሙት እንግሊዛዊው ሲረል ክሮስላንድ ናቸው። ከ1905 ጀምሮ የተመደቡት ለንግድ ነበር፦ አዝራርና ጌጥ የሚሠራበትን፣ ዐረቦች “ሰደፍ” የሚሉትን የዕንቍ ዛጎል ለማራባት። በ1913 ያሳተሙት መጽሐፍ ግን ከዛጎሉ በላይ ስለ በረሃው፣ ስለ ኮራሉና ስለ ጠላቂዎቹ ኑሮ የሚያወራ ነው።

የኡምብሪያ ጭነት

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ ጠረፍ ሁሉ ቅርብ የሆነው ቦታ ከፖርት ሱዳን ወደብ መውጫ አጠገብ፣ በዊንጌት ኮራል ሥር ያለው ነው። በግንቦት ወር 1940 ከጣሊያን የተነሣችው ኡምብሪያ የተባለች የጭነት መርከብ ሲሚንቶ፣ የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ ሦስት የፊያት መኪናዎችና 360,000 ያህል እንደሆነ የሚነገርለት ቦምብ ጭና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ትጓዝ ነበር። ጣሊያን ገና ጦርነቱን ስላልተቀላቀለች እንግሊዞች መርከቧን ሊወርሱ አልቻሉም። ስዊዝን ካለፈች በኋላ ግን በፍተሻ ሰበብ ዊንጌት ኮራል አጠገብ መልሕቅ እንድትጥል አደረጓት።

ሰኔ 10 ቀን 1940 ካፒቴን ሎሬንዞ ሙይየሳን በክፍላቸው ሬዲዮ አገራቸው ጦርነት ማወጇን ሰሙ። ጠባቂዎቹ እንግሊዞች ገና አልሰሙም ነበር። ካፒቴኑ የአደጋ ጊዜ ልምምድ አስመስለው ሠራተኞቻቸውን ወደ ጀልባ አወረዱና የመርከቧን የውሃ በሮች አስከፈቱ። ኡምብሪያ ከነጭነቷ ሰመጠች። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በሐምሌ 4፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ተሻግሮ ከሰላንና ገላባትን ያዘ። በነሐሴ ደግሞ ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ከአርበኞች ጋር ለመገናኘት ከዛሬው የገዳሪፍ ግዛት፣ ከዶካ ተነሥተው ወደ ጎጃም አቀኑ። ኡምብሪያ ምጽዋ ደርሳ ቢሆን ኖሮ ቦምቦቹ በማን ላይ ይወርዱ እንደነበር ለመገመት አያስቸግርም።

ኦስትሪያዊው ጠላቂ ሃንስ ሃስ በ1949 ወርደው አይተዋታል። መርከቧ በጎኗ ተጋድማለች፤ ከፊሏ ለውሃው ገጽ በጣም ቅርብ ስለሆነ ያለ ኦክስጅን መሣሪያ እንኳ ትታያለች። ብረቷን ኮራል ለብሶታል፤ ቦምቦቹ ግን እንደተደረደሩ በሆዷ ውስጥ አሉ። የሰመጠችበት ቀን በትክክል የታወቀ በመሆኑ፣ ኮራል በስንት ዓመት ምን ያህል እንደሚያድግ ለሚያጠና ሰው መነሻ ዓመቷ አያጠራጥርም።

በውሃ ውስጥ የታደሩ ሌሊቶች

በ1963 ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ባለው ሻዓብ ሩሚ ኮራል ውስጥ ሰው የሚኖርበት የብረት ቤት ተከሉ። አምስት ሰዎች በአሥር ሜትር ጥልቀት አንድ ወር ኖሩ፤ ሁለቱ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ባለች ጠባብ ክፍል አንድ ሳምንት አሳለፉ። ጉዞው የተቀረጸበት ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ዋናው ቤት ተነሥቷል፤ የውሃ ውስጥ ተሽከርካሪያቸው ይቆምበት የነበረው ጉልላት ግን ዛሬም በቦታው አለ።

ከጠረፉ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ በብቸኝነት ከጥልቁ የሚወጣው የሳንጋኔብ ኮራል ቀለበት ሠርቶ በመሐሉ የረጋ ውሃ የያዘ፣ በቀይ ባሕር ብቸኛው አቶል የሚባል ነው። ሻርኮች በመንጋ ያልፉበታል። ሳንጋኔብና ዱንጎናብ በ2016 በአንድነት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ፤ ለሱዳን የመጀመሪያው የተፈጥሮ ቅርስ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው በአብዛኛው መጥፎ ወሬ ነው። በሰኔ 2022 “በድር 1” የተባለች ከአቅሟ በላይ የተጫነች መርከብ በሱዋኪን ወደብ ውስጥ ሰምጣ ከ15,000 በላይ በጎች አለቁ፤ መርከበኞቹ በሙሉ ተርፈዋል። በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ መንግሥት ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወረ። በኅዳር 2020 ከትግራይ የሸሹ ኢትዮጵያውያንን በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ተቀብላ የነበረችው ገዳሪፍ፣ አሁን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የራሷን አገር ተፈናቃዮች ማስተናገድ ያዘች። በታኅሣሥ 2023 ዋድ መደኒ ስትያዝ ከመሐል አገር በገዳሪፍ በኩል ወደ ጠረፉ የሚወስደው መንገድ ተቋረጠ። በግንቦት 2025 ደግሞ ድሮኖች ፖርት ሱዳንን ደብድበው የነዳጅ ማከማቻዎቿ ለቀናት ነደዱ።

ለመስክ ጥናቱ ይህ የተማሪዎች ጉዞ ከመቅረቱ በላይ ትርጉም አለው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ በውስጡ ያሉትን አልጌዎች ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደም ይሞታል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ ያሉት ኮራሎች ሙቀትን በመቋቋም በዓለም የታወቁ ሲሆኑ፣ በመሐልና በደቡብ ያሉት ግን ሊቋቋሙት ወደሚችሉት ጣሪያ ቀርበዋል። የሱዳን ጠረፍ በሁለቱ መካከል የተዘረጋ በመሆኑ የቱ ኮራል እንደሚተርፍና ለምን እንደሚተርፍ ለመለየት ከተመረጡ ቦታዎች አንዱ ነው። ይህ የሚታወቀው ጠላቂዎች በየዓመቱ ወደዚያው ኮራል እየተመለሱ፣ በዚያው ጥልቀት ያንኑ ስፋት እየቆጠሩ ሲመዘግቡ ነው። ሳይቆጠር ያለፈው ዓመት በመዝገቡ ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ከጦርነቱ በፊት ያንን ሥራ ከለመዱት መካከል ብዙዎቹ ዛሬ በካይሮ፣ በጂዳ ወይም በገዳሪፍ ተፈናቃይ ናቸው።